ለባሕር ዳር ሸማቾች፦ «ከጎልድፊሽ ይቀላል» እየተባለ ስለሚሸጠው ኮከብ ዓሣ በሊታ ሽሪምፕ

ሃርለኩዊን የተባለውን ባለ ነጠብጣብ የባሕር ሽሪምፕ ለካፌ፣ ለእንግዳ ማረፊያ ወይም ለሳሎን ጌጥ እንዲሆን ጥንድ ጥንዱን የሚያሻሽጡ ሰዎች በከተማችን እየተዘዋወሩ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በእኔ ላይ የደረሰውን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ጥንዱን በ28,000 ብር ገዝቼ ዛሬ አንዷ ብቻ ቀርታኛለች። እንስሳው ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው ሻጩ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሽሪምፕ የሚኖረው ኮከብ ዓሣ (ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ባለ ክንድ፣ ኮከብ መሰል የባሕር እንስሳ) እየበላ መሆኑን እያወቀ «የተገኘውን ይበላል» ብሎ ሸጦልኛል።

ሐይቁ ዳር ባለችው ትንሽ ካፌዬ ውስጥ ለአራት ዓመት ያህል ጎልድፊሽ ስለያዝኩ አኳሪየም ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምናልባትም የተታለልኩት አውቃለሁ ብዬ ስለተማመንኩ ነው። ባለፈው ኅዳር ወር አንድ ወጣት ደላላ ስልኩ ላይ ያለውን ቪዲዮ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ምንም አያስቡ፤ ከጎልድፊሽ ይቀላሉ። ውሃውን ከጣና ያስቀዱና የገበታ ጨው ጣል ያድርጉበት፤ መኖውም ያው የዓሣ መኖ ነው» አለኝ። ሻጩ አዲስ አበባ ስለሚገኝ ገንዘቡን በባንክ አዛወርኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ከዕቃው ጋር ይመጣል» ተባልኩ፤ ዕቃው መጣ፣ ደረሰኙ ግን አልመጣም። በምትኩ የተሰጠኝ የሰባት ቀን የቃል ዋስትና ነበር። ወደዚህ ዋስትና ከታች እመለሳለሁ፤ የማታለያው ቁልፍ እሱ ነውና።

ሽሪምፖቹ ሲደርሱ በእርግጥ የሚያስደንቁ ነበሩ። ርዝመታቸው አምስት ሳንቲሜትር አይሞላም፤ ወተት በመሰለው ገላቸው ላይ በሰማያዊ የተከፈፉ ሮዝና ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ የፊት መቆንጠጫቸው እንደ ቅጠል ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ተለቅ የምትለው ሴቷ ናት። የመጀመሪያውን እንክብል መኖ ስጨምርላቸው አንዷ ፍሬ በሴቷ መቆንጠጫ ላይ አረፈች፤ እሷም አቧራ እንደነካው ሰው አራግፋ ጥላት ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ደላላውን ብጠይቀው «ትኩስ ሥጋ ይወዳሉ» ስላለኝ ከገበያ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ በጥፍር ልክ እየከተፍኩ ሰጠኋቸው። አልነኩትም፤ ሥጋው ድንጋዩ ሥር ገብቶ ሸተተ፣ ውሃውም ደፈረሰ።

እውነታው ይህ ነው። ይህ ሽሪምፕ በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖስ የኮራል ዳርቻዎች ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚኖር ሲሆን፣ ምግቡ ኮከብ ዓሣ ነው። ሲቸግረው የኮከብ ዓሣ ዘመድ የሆነውን የባሕር ጃርት ይነካካ ይሆናል እንጂ እንክብል፣ የዓሣ ሥጋ ወይም አልጌ አይበላም። ኮከቡን በጀርባው ይገለብጠውና ከሥሩ ያሉትን ቱቦ መሰል ጥቃቅን እግሮችና ለስላሳውን ሥጋ ከክንዱ ጫፍ ጀምሮ ወደ መሐል እየቆነጠረ ይበላል፤ ኮከቡም በዚህ ሁኔታ ለብዙ ቀናት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ሽሪምፑም ቢሆን ምግብ ስላጣ ወዲያው አይሞትም። ለሳምንታት እየተንቀሳቀሰ፣ ቀለሙም ሳይደበዝዝ፣ ውስጥ ውስጡን ይራባል። የሰባት ቀን ዋስትና የተሰጠኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፦ በሰባት ቀን ውስጥ በረሃብ የሚሞት ሃርለኩዊን ሽሪምፕ የለም ማለት ይቻላል። የእኔ ወንዱ የሞተው በ24ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጠዋት ባዶ ቅርፊት ወለሉ ላይ አግኝቼ ሞተ ብዬ ነበር፤ ለካስ ቅርፊቱን ቀይሮ ኖሯል። እንዲህ ያለውን ባዶ ቅርፊት ያየ ሰው ተጣድፎ ሌላ ሽሪምፕ እንዳይገዛ ከድንጋዩ ሥር አስቀድሞ ይፈልግ።

በ19ኛው ቀን ለሻጩ ራሱ ስደውልለት ምንም አላቅማማም። «ታዲያ ኮከብ ዓሣ ነዋ የሚበሉት፤ እሱም አለኝ፣ አንዱ 3,500 ብር ነው» አለኝ። ይህን ያለበት ድምጽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ቀደም ብሎ ላለመናገሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ቀርቶ አዲስ ትእዛዝ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር የሚጠብቀኝ። ደላላው ግን ከዚህም ብሶ «ጋሼ፣ ለዜጌ ዓሣ አጥማጆች ቢነግሯቸው ከጣና ያወጡልዎታል» አለኝ። በታንኳ የሚያጠምድ አንድ ደንበኛዬን ሥዕሉን አሳይቼ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ መሳቁም ተገቢ ነበር። ኮከብ ዓሣና ዘመዶቹ በሙሉ የባሕር ፍጥረታት ናቸው፤ በጣና ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ በየትኛውም የጨው አልባ ውሃ ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ አንድም ዝርያ አይኖርም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ሽሪምፕ የገዛ ሰው እንስሳውን እስከያዘ ድረስ ለሻጩ ቋሚ ገባር ሆኗል ማለት ነው።

ሒሳቡ እነሆ። አንድ መካከለኛ ኮከብ ዓሣ ለሴቷ ብቻዋን ሁለት ሳምንት ያህል ቆየላት። በወር ሁለት ቢገዛ 7,000 ብር፣ በዓመት 84,000 ብር ይሆናል፤ ይኸውም የጥንዱ መግዣ ሦስት እጥፍ ነው፤ የጭነት ክፍያው ገና አልተደመረም። የመጀመሪያው ኮከብ የደረሰኝ በ26ኛው ቀን፣ ወንዱ በሞተ በሁለተኛው ቀን ነበር። ሴቷ ሽታው እንደደረሳት ከድንጋዩ ወጥታ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከራሷ የሚበልጠውን ኮከብ አንዱን ክንድ ከወለሉ ፈልቅቃ፣ በመቆንጠጫዋ ደግፋ ይዛ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ታግላ ገለበጠችው። እንክብሉን አራግፋ የጣለችው ይህችው ናት።

ስለ ውሃውም የተነገረኝ ውሸት ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ 120 ሊትር ለሚይዘው የእኔ አኳሪየም ከአራት ኪሎ በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆን፣ በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 15 በመቶ ያህሉ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ሌሎችም ናቸው፤ ካልሲየም ከሌለ ደግሞ ሽሪምፑ ቅርፊቱን በወጉ ሊገነባ አይችልም። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የሚዘጋጀውን የባሕር ጨውና የጨው መለኪያውን መግዛት ግድ ነው፤ ሁለቱንም ያገኘሁት ከዚያው ሻጭ ነው፣ ዋጋውን ልተወው። በተጨማሪም አዲስ የተሞላ አኳሪየም አሞኒያን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንስሳ ሳይገባበት መቆየት ሲኖርበት፣ ለእኔ ሽሪምፖቹና ፓምፑ የተላኩት በአንድ ካርቶን፣ በአንድ ቀን ነው።

ቪዲዮው የማያሳየው ሌላ ጉዳይ የአገራችን ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ቀድሞውንም ከጨው አልባ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። የአየር ፓምፑ ቀንም ሌሊትም መሥራት አለበት ማለት ነው። ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሊሆን ይገባዋል፤ በታኅሣሥ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስነቃ ግን 19 ዲግሪ ላይ አገኘሁት። ጀነሬተር ወይም አስተማማኝ ባትሪ የሌለው ሰው ይህን አይሞክረው። በመዳብ የተሠራ የዓሣ መድኃኒት የገባበትን አሮጌ አኳሪየም መጠቀምም አይቻልም፤ መዳብ ዓሣን ሲያክም ሽሪምፕን ይገድላል።

መብታችንን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። እኔ ደረሰኝ ሳልይዝ ገንዘብ በማዛወሬ አቤቱታዬን በእጄ በቀሩት የድምጽ መልእክቶችና በባንክ ማስረጃው ላይ ብቻ ለመመሥረት ተገድጃለሁ። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙንና «ምን ይበላል? ምግቡስ ከየት፣ በስንት ብር ይገኛል?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ጠይቁ። ከእኔ በኋላ ሊገዛ የነበረ አንድ ጎረቤቴ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ልኮ እስከ ዛሬ መልስ አልደረሰውም።

ይህ ሽሪምፕ ለማንም አይሆንም አልልም። የባሕር ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች አስተሪና የተባለች ጥፍር የማታክል ኮከብ ዓሣ ስትበዛባቸው ይህን ሽሪምፕ ያስገቡና፣ ኮከቦቹ ሲያልቁ ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሌላ ሰው ያስተላልፉታል። እንዲህ ያለ ቅብብሎሽ የሚኖረው ግን አኳሪየሙም ኮከቡም በብዛት ባለበት ከተማ ነው።

ሴቷ እስካሁን አለች። ሁለተኛው ኮከብ በመንገድ ተጎድቶ ሲያጣጥር ስለደረሰኝ ክንዶቹን ለያይቼ በረዶ ቤት አስቀምጫቸው ነበር፤ የቀለጠ ክንድም ሳትጠየፍ ትበላለች፤ ሁለቱ መብራት በጠፋ ጊዜ ተበላሽተው ሁለት ቀርተውኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የተደላደለ የባሕር ውሃ አኳሪየም ያለውና አስተሪና ያስቸገረው ሰው ካለ በነጻ እሰጠዋለሁ፤ ጭነቱንም እኔ እችላለሁ። የምለምነው የውሃውን የጨው መጠን አስቀድሞ እንዲነግረኝና አዲሱን ውሃ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረገላት እንዲያለማምዳት ብቻ ነው፤ እኔ የያዝኳት በጨው መለኪያው 1.025 ላይ ነው (ቁጥሩ ውሃው ከንጹሕ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል)።