ተማሪውን ከመጠጥ ጉዳት ለማዳን፦ ቁጭ ብሎ ማውራት ወይስ ደንብ ማጥበቅ?

ማታ ማታ ከግቢ በር ውጭ ያሉት ድራፍት ቤቶች ይሞላሉ። ጠዋት ደግሞ ክፍል ውስጥ ወንበር ይጎድላል። ግቢው ምን ያድርግ?

ወጪ
ምክክር፦ የሠለጠነ ሰውና ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል።
ደንብ፦ ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቀረው መታወቂያ መጠየቅ ነው።

አሠራር
ምክክር፦ የዓለም ጤና ድርጅት "ኦዲት" የተባለ የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ አለው። 8 እና ከዚያ በላይ ነጥብ አጠጣጡ አደገኛ መሆኑን ይጠቁማል። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ስንት ብር ወጣ? የትኛው ፈተና ተበላሸ? ከማን ጋር ስትሆን ይበዛብሃል? ልጁ መልሱን ከራሱ አፍ ሲሰማው ከመቶ ምክር ይበልጣል።
ደንብ፦ ቁጥጥሩ ካልቀጠለ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አደጋ
ምክክር፦ ሚስጥር ከወጣ ማንም ድርሽ አይልም።
ደንብ፦ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ልጆች ቅጣት ፈርተው ራሱን የሳተ ጓደኛቸውን ዶርም ውስጥ ያስተኙታል። ክሊኒክ ለወሰደ ሰው ቅጣት እንደሌለበት ደንቡ በግልጽ ይጻፍ።

ለማን ይሻላል?
ገና ያልለመደ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሆነ ደንቡ ይጠቅመዋል፤ መጠጡ ይርቅለታል። በየሳምንቱ የሚሰክረው ግን ምክክር ያስፈልገዋል። ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ሐኪም ይየው፤ በድንገት ማቆም ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።