ምድጃ ላይ የሚደፋው የቤት ሳጅ ያዋጣል ወይ?

መጀመሪያ ይሄን ልበላችሁ። ቤይሩት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሳጅ፣ ማለትም ያን ጉብ ያለ የቂጣ ምጣድ፣ አትግዙ። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ መብራቱ ነው እንጂ። የመንግሥት መብራት እንዴት እንደምትጠፋ ታውቃላችሁ። የቀረውን የሚሸፍነው የሰፈር ጄኔሬተር ነው፣ እሱ ደግሞ በአምፔር ነው የሚሸጠው። ብዙዎቻችን ያለን 5 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ስታሰሉት 1100 ዋት ማለት ነው። ፍሪጅ እየሠራ እንዲህ ዓይነት ማሞቂያ ስትሰኩበት ቆጣሪው ጧ ብሎ ይወርዳል፣ እናንተም በጨለማ ሊጥ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

እኔ ያለኝ ጋዝ ምድጃ ላይ የሚደፋው ነው። ስስ ብረት ነው፣ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ሆዱ ወደ እሳቱ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሲሰቀል ቦታ አይፈጅም። እንደ አዲስ ምጣድ ማሟሸት ይፈልጋል። ዘይት በስሱ እየቀባችሁ ጥቁር እስኪሆን አግሉት፣ መስኮት መክፈት እንዳትረሱ፣ ጭሱ ጎረቤት ይጠራል። ከዚያ በኋላ በሳሙና አትፈትጉት፣ ውኃም አይደርበት፣ ወዲያው ይዝጋል።

ትልቁ ችግሩ መሃሉ ነው። የቤት ምድጃ እሳት አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ መሃሉ ሲግል ጠርዙ ገና ለብ ያለ ነው። የፉርን ቤቱ፣ የዳቦ ጋጋሪው ማለት ነው፣ ሳጅ ከሥሩ ሰፊ የጋዝ ክብ አለው፣ እኩል ይግላል፣ የኛው ግን ቂጣውን በየጊዜው ማዞር ይጠይቃል። ትልቁን የምድጃ ዓይን ተጠቀሙ፣ እሳቱን መካከለኛ አድርጉ፣ ሊጡ ከማረፉ በፊት ደኅና አድርጋችሁ አግሉት። ስስ የሳጅ ቂጣ ከሆነ የምትፈልጉት ይሄ ይበቃችኋል፣ በጣም ጎበዝ ነው። ያን እንደ ሻሽ የሳሳውን፣ የተራራ ሴቶች በትራስ ላይ ወጥረው የሚደፉትን ማርኩክ ግን ከዚህ ዕቃ አትጠብቁ። እሱ ሰፊ ሳጅና የዕድሜ ልክ እጅ ይፈልጋል።

አሁን ወደ መንኡሼ፣ ዛዕተር የሚባለው የቅጠልና የሰሊጥ ቅመም በዘይት ተቀብቶበት ወደሚጋገረው የሊባኖስ ቂጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፣ ለእኛ ግን ቁርስ ነው። ሊጡ ምንም ምሥጢር የለውም። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት። እሹት፣ አንድ ሰዓት ያህል ሸፍናችሁ አስቀምጡት፣ ስድስት ቦታ ከፍላችሁ ድቡልቡል አድርጉት፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ዳምጡት። ሳያርፍ ከዳመጣችሁት እየተሰበሰበ ያናድዳችኋል። ለሳጅ ቀጭን ይሁን። ሳጁ ላይ ከደፋችሁት በኋላ ዛዕተሩን በማንኪያ ጀርባ ቀቡት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ አንሱት። እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ ዛዕተሩ አያርርም፣ ሽታው እንዳለ ይቀራል። ኦቨን ውስጥ ከላይ ኃይለኛ እሳት ከመታው ቶሎ ይመርራል፣ ሳጁን የወደድኩትም ዋናው በዚህ ነው።

ያን ወፍራሙን፣ ጠርዙ የሚያብጠውን የፉርን መንኡሼ የምትወዱ ከሆነ ግን ሳጅ አትግዙ። ኦቨናችሁን እስከ 250 ዲግሪ አግሉ፣ ከባድ ትሪ አብሮ ይጋል፣ ሊጡን በጣታችሁ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ ዘይቱ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያርፋል። ስድስት ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለት ሆኖ የሚከፈተውን ተራ የዐረብ ዳቦ ደግሞ ቤት መጋገር አይመከርም። ያለ ኃይለኛ ሙቀት እንፋሎቱ አይነፋውም፣ ከባቅላው፣ ከሰፈር ሱቁ፣ ገዝቶ መብላት ይሻላል።

ገንዘብ የሚወጣበት ግን ዕቃው አይደለም፣ ዛዕተሩ ነው። ጥሩው የዛዕተር ቅጠል፣ ሱማቅ፣ የተቆላ ሰሊጥና ጨው ብቻ አለው። ጦስኝ የሚያውቅ ሰው ሽታው ባዕድ አይሆንበትም፣ ሱማቁ ነው አዲስ የሚሆንበት፣ ያ ቀይ ኮምጣጣ። ርካሹ ውስጥ ሱማቁን ትተው የሎሚ አሲድ ይነሰንሱበታል፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ብቻውን ይቆነጥጣል። ሳትቀምሱ አትግዙ። ዛዕተርና ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ትንሽ አቆዩት፣ ከማንኪያ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን። ውኃ የመሰለ ከሆነ ሳጁ ላይ ይፈስና እሳት ያነሳል።

ለእኛ ለጾመኞች ደግሞ ይሄ ቁርስ የተላከልን ነው። ረቡዕና ዓርብ ያለ ሐሳብ ይበላል፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ናና፣ ወይራ ጠቅልላችሁበት። አንዳንድ ዳቦ ቤት ግን ሊጡ ውስጥ የወተት ዱቄት ይጨምራል፣ ጠይቁ። ቤት ስትጋግሩ ይሄ ጭንቀት የለም። ጾም ካልሆነ ደግሞ የአካዊ አይብ አለ። ጨዋማ ስለሆነ ቆራርጣችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ውኃውን ለዋውጡ፣ ደኅና አድርጋችሁ አጥልሉት። ሳጁ ጉብ ያለ ስለሆነ አይቡ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ግማሹ ላይ ብቻ አድርጋችሁ ወዲያው እጠፉት።

ወደ አገር ቤት የምትመለሱ እህቶች ሳጅ ይዘን እንሂድ ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ለኪሎ ከመክፈል ተዉት። ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመንኡሼ ምንም አይለውም፣ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንዲያውም አይቡ አይሸሽም፣ ሙቀቱም እኩል ነው። ዛዕተሩን ከቀባችሁ በኋላ አክንባሎውን ግጠሙበት፣ ከላይም ይበስላል። በሻንጣው ቦታ ዛዕተርና ሱማቅ ጨምሩ።

እዚሁ የምትቆዩና ጋዝ ያላችሁ ግን ግዙት። ስትገዙ ምድጃችሁ ላይ ረግቶ እንዲቀመጥ ቀለበት ያለውን ምረጡ፣ ጠርዙን በጣት ዳብሱ፣ አንዳንዱ ስል ነው፣ ሲግል ደግሞ መያዣ የለውም።