የአባቴን ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን ላዘገየችው የሰመመን ባለሙያ ምስጋና

አባቴ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በሰላም ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሐኪሙንና ነርሶቹን በአካል አመስግነናል፤ ይህን የምጽፈው ማደንዘዣውን ስለሰጠችው እህታችን ነው።

በዋዜማው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ክብደታቸውን፣ የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒትና ከዚህ ቀደም ማደንዘዣ ወስደው እንደሆነ ጠየቀች፤ የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳለም አፋቸውን አስከፍታ አየች። ቀጥላም «አባባ፣ ጫት የቃሙት መቼ ነው?» አለች። አባቴ እኛ ልጆቻቸው ስለነበርን «ከተውኩ ቆየሁ» አሉ። እርሷ ግን በትሕትና አስወጥታን ብቻቸውን ደግማ ጠየቀቻቸው፤ ኋላ ራሳቸው እንደነገሩን፣ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በርጫ ላይ ነበሩ።

ከሐኪሙ ጋር ተማክራ ቀጠሮው በአንድ ቀን ሲገፋ ተቆጥቼ ነበር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ እንደሚያዘገይ፣ በሙሉ ማደንዘዣ ያለ ሰው ደግሞ ማሳል ስለማይችል ወደ ላይ የተመለሰ ምግብ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል፣ የታሰበው የታችኛውን አካል ብቻ የሚያደነዝዝ የወገብ መርፌ ቢሆንም ሙሉ ማደንዘዣ ድንገት ሊያስፈልግ እንደሚችል በእርጋታ አስረዳችኝ። ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መታቀብ እንደሚገባ ነግራን፣ ወተት የገባበት ሆጃ (ከቡና ቅጠል ወይም ገለባ የሚፈላው መጠጥ) እንደ ውሃ ሳይሆን እንደ ምግብ እንደሚቆጠር አጥብቃ አሳሰበችን። ይህንን ባትነግረን ኖሮ እናቴ በንጋት ሆጃ ይዛላቸው መምጣቷ አይቀርም ነበር።

አባቴ እስካሁን የሚያወሩት ግን ስለ ጥጡ ነው። ጀርባቸውን አጉብጠው መርፌውን ከተወጉ በኋላ፣ በአልኮል የራሰ ጥጥ ከእግራቸው ጀምራ ወደ ሆዳቸው እየነካች «ይቀዘቅዛል አባባ?» እያለች ማደንዘዣው የት እንደደረሰ ታረጋግጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሲያቅለሸልሻቸው ግፊታቸው መውረዱን ወዲያው ከመሣሪያው አይታ መድኃኒት ሰጠቻቸው፤ ሥራው እስኪያልቅም ከራስጌያቸው አልተለየችም።

ስሟን ያለ ፈቃዷ አልጽፍም፤ በዚያ ቀዶ ሕክምና የምትጠባበቁ ግን ከእርሷ እጅ ከደረሳችሁ እንደ እኔ አትቆጡ፣ የምትጠይቃችሁንም ሳትደብቁ መልሱላት። ልጆችም አባቶቻችሁ ሲጠየቁ፣ እስክትባሉ ሳትጠብቁ ከክፍሉ ውጡላቸው።