የእማማን ፊት በእርሳስ ላወጣልን ሰዓሊ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚሠራው ወንድማችን የእማማን ምስል ስሎ አስረክቦናል። እጅህን ቁርጥማት አይንካው! አዛውንት ወላጅ ላላችሁ ሁሉ እንጠቁማለን፤ ምክንያታችንም ይኸው።

የአዛውንት ፊት ሲሳል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሽብሽቡ ላይ ነው። በመስመር ይሰመርና ፊቱ የተሰነጠቀ ግድግዳ መስሎ ቁጭ ይላል። ሽብሽብ ጎድጎድ ያለ ቦታ እንጂ መስመር አይደለም፤ አንዱ ጎኑ ጥላ፣ ሌላው ብርሃን ነው። እሱ እያንዳንዷን እጥፋት ከጥቁር ወደ ግራጫ እያሳሳ አውጥቷታል። የአንገታቸው ንቅሳትም ከቆዳ ሥር እንዳለ ደብዘዝ ብሏል፤ ጠበቅ ቢያደርገው በእስክሪብቶ የተጻፈ ይመስል ነበር። ጥርስ የሌለው አፍ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እሱንም አልሞላውም። በእርጅና የዓይን ጥቁሩ ዳር ላይ የሚመጣውን ነጣ ያለ ቀለበት እንኳን አልዘለለም።

ነጠላው ደግሞ ጉድ ነው። ነጭ ቀለም የሚባል አልነካውም። ወረቀቱን ባዶ ትቶ ከኋላ ያለውን አጠቆረ፣ ነጠላው ብቻውን ወጣ።

ወረቀቱ ኤ3፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን ወፍራም ነው። የፕሪንተር 80 ግራም ወረቀት ደጋግመው ሲያጠቁሩበት ይላላል፣ ላጲስም አይችልም። እርሳሱ ኤች ሲሆን ጠንካራና ፈዛዛ፣ ቢ ሲሆን ለስላሳና ጥቁር ነው፦ መጀመሪያ በ2ኤች ስስ ንድፍ፣ ቀጥሎ ኤችቢና 2ቢ፣ ጥቁሩ በመጨረሻ በ6ቢ። 8ቢን ተጭኖ ቢያጠቁር ከጎን ሲያዩት እንደ ብረት ያብለጨልጫል፤ ስለዚህ ስስ በስስ ይደርባል። በጣት አያሻሽም፣ የቆዳ ወዝ የነካውን ላጲስ አያነሳውም። የሽበቱን ብርሃን ያወጣው እንደ ሊጥ በሚለወስ ላጲስ ጫፉን አሹሎ ነው።

ፎቶው ላይ ግን ድርቅ ይላል፣ ልክም ነው። የመታወቂያ ፎቶ አይቀበልም፤ ፍላሽ ከፊት ለፊት ሲመታ ጥላው ይጠፋል፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ የሚሳል ነገር የለም። እማማን ወይም አባባን በር አጠገብ አስቀምጣችሁ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ። ስልኩን ወደ ሁለት ሜትር አርቃችሁ ዙም አድርጉ፤ ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫ ያብጣል። ፊት የሚያለሰልሰውን ፊልተር አጥፉት፣ የምትከፍሉት ለሽብሽቡ አይደል? በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል ይሁን፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል።

አንድ ቅር ያለን ነገር፣ ቀጠሮ ላይ ይዘገያል። ሁለት ሳምንት ብሎ ሦስት ወሰደ። ቀብድ ግማሹን ነው የሚቀበለው፤ ለበዓል የምትፈልጉት ከሆነ ቀድማችሁ ሂዱ።

ስትረከቡ አትጠቅልሉት፤ በሁለት ካርቶን መሃል ዘርጋ አድርጋችሁ ታክሲ ውስጥ በጭናችሁ ላይ ያዙት። ላሚኔት እንዳታስደርጉት! ሙቀቱና ፕላስቲኩ እርሳሱን ያበላሹታል፣ መመለሻም የለውም። ፍሬም ስታሠሩ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በዙሪያው ወፈር ያለ የካርቶን ጠርዝ ይግባበት፣ ከጀርባም በደንብ ይታሸግ። የኛን ሰፈር አቧራ ታውቁታላችሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልን፤ ፈቅዶልናል።