እርሻውን ወደ መራዊ ወይስ ወደ እንጅባራ?

ያለ ኬሚካል የሚለማ አነስተኛ የአትክልት እርሻን ጎጃም ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ካሰባችሁ፣ መራዊንና እንጅባራን አስተያዩ።

የመራዊ ጉልበት የቆጋ ግድብ ነው። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ስለተሠራ በበጋም ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን ይመረታል። ባሕር ዳርም ቅርብ ነው፤ ጠዋት የተቆረጠ ሰላጣ ሳይጠወልግ ገበያ ይደርሳል። ፈተናው ቦዩ የጋራ መሆኑ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ዩሪያ በትኖ፣ ፀረ ተባይ ረጭቶ ሲያጠጣ፣ ትርፉ ውሃ እናንተ ማሳ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ስትከራዩ ከቦዩ ራስ በኩል ያለውን መሬት ፈልጉ። ዳር ዳሩን ቦይ ቅደዱለት፤ ሳርና ቁጥቋጦም ትከሉበት።

እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይስማማታል፤ ቲማቲም ግን ብርዱን አይችልም። በክረምት የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ አለ። ያለ መድኃኒት እሱን መቋቋም በጣም ከባድ ነው። አፈሩም አሲዳማ ነው። ብዙ ገበሬ እህሉን ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል ወደማክሰል የዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኖራና ኮምፖስት አፈሩን ያክሙታል፤ ግን ዓመታት ይፈልጋል። በአንድ ዓመት ኪራይ አፈር ማከም ለባለመሬቱ ሠርቶ መሄድ ነው። ረጅም ውል ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ።

ለአትክልት እኔ ያለማመንታት መራዊን እመርጣለሁ። እዚያም ግን አሲዳማ ማሳ ሞልቷል፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አፈሩን ባሕር ዳር ወስዳችሁ አስመርምሩ።