በለስ መልቀም፦ ፓርክ ውስጥ ወይስ ከፓርክ ውጭ?

የዱር በለስ፣ ያ እሾሃማው የቁልቋል ፍሬ፣ ሲቀላ ማየት ያስጎመጃል። ግን የት ይለቀም?

ፈቃድ
ፓርክ ውስጥ፦ ብዙ ፓርኮች ቅጠል መቁረጥ እንኳ ይከለክላሉ። አሜሪካ ውስጥ የየፓርኩ ኃላፊ ለራስ የሚበላ ፍሬን በእጅ መልቀም በመጠን ሊፈቅድ ይችላል። ስለዚህ መግቢያው ላይ መጠየቅ ግድ ነው።
ከፓርክ ውጭ፦ መሬቱ የግል ከሆነ ባለቤቱን ማስፈቀድ።

ወጪ
ፓርኩ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ ያስከፍላል። ለበለስ ብቻ ከሆነ አያዋጣም።

አደጋ
ትልቁ እሾህ ይታያል፤ ችግሩ ፀጉር የሚያክለው ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ በጨርቅ ጓንትም ያልፋል። የትም ልቀሙ፣ ረጅም መቆንጠጫ ያዙ።
ፓርክ ውስጥ፦ እሾሁን በእሳት መለብለብ አይታሰብም፤ እሳት ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ክልክል ነው። ሌላም አለ። በለስ ከአሜሪካ አህጉር ውጭ መጤ ተክል ነው፣ አንዳንድ ቦታ እንደ አረም ተቆጥሮ እንዲጠፋ ይደረጋል። የደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ በፀረ አረም መድኃኒትም በነፍሳትም ተዋግቶታል። የተረጨበትን መብላት ደግሞ አደገኛ ነው።
ከፓርክ ውጭ፦ ከመንገድ ዳር ራቁ። ቤት ወስዶ በእሳት ለብልቦ መላጥ ይቻላል።

ለማን ይሆናል?
ጉብኝት ላይ ያለ ሰው፣ ፓርኩ ከፈቀደ፣ ጥቂት ቀምሶ ቢሄድ ጥሩ ነው። ዘንቢል ሙሉ ለጭማቂ ወይም ለማርማላታ የሚፈልግ ግን ውጭ ይልቀም። ልጆች ይዞ የሚሄድ ፓርኩን በዓይን ብቻ ይጎብኝ፤ ከትንሽ እጅ ላይ ያንን እሾህ መንቀል ቀኑን ሙሉ ያበላሻል።