የውስጥ ግራንት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፦ የት ይሠራል፣ የት ይሰናከላል

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ለመምህሮቻቸው የሚመድቡት የምርምር ገንዘብ፣ በተለምዶ የውስጥ ግራንት የሚባለው፣ ሊወዳደሩበት የሚገባ ዕድል ነው። በተለይ ማስተርሱን ወይም ዶክትሬቱን በቅርቡ ላጠናቀቀ መምህር ትልቅ ነገር ነው። የውጭ ለጋሽ ዘንድ ሲቀረብ ቶሎ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የፓይለት መረጃ፣ ማለትም በትንሽ ናሙና አስቀድሞ የተሰበሰበ የሙከራ መረጃ፣ ነው፤ ያን መረጃ ለመሰብሰብ ደግሞ ከዚህ ገንዘብ ሌላ በር ብዙም የለም። የብሩን ማነስ ሁሉም ያነሳል። ሥራውን የሚያበላሹት ግን በአብዛኛው ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የበጀት ዓመቱ አቆጣጠርና የግዥው ሒደት። ገና ፕሮፖዛል ሲጻፍ እነዚህ ካልታሰቡ፣ ጥሩ ሐሳብ ይዞ የገባ ሰው ያልተወራረደ ሒሳብ ይዞ ይወጣል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ ፕሮፖዛሉ በትምህርት ክፍል ይታያል፣ ኮሌጅ ላይ ይቀርባል፣ ለገምጋሚ ይላካል፣ ማሻሻያ ይጠየቅበታል፣ በመጨረሻም ውል ይፈረማል። የመጀመሪያው ዙር ክፍያ ሲለቀቅ በአብዛኛው ጥር ወይም የካቲት ይሆናል። ግዥ ክፍል በበኩሉ ሒሳብ ለመዝጋት ሲል ግንቦት ላይ አዲስ ጥያቄ መቀበል ያቆማል። በወረቀት ላይ የአንድ ዓመት የሆነው ፕሮጀክት በተግባር የአራት ወር ሥራ ነው፤ በዚያው መሀል ፋሲካም ፈተናም አለ። ሰኔ 30 ድረስ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል፤ ለሁለተኛው ዓመት የታሰበው ድርሻም እንደገና በጀት እስኪያዝለት ይጠብቃል።

ይህ አቆጣጠር በጣም የሚጎዳው የሰብል ተመራማሪውን ነው። የመኸር ሙከራ የሚዘራው ሰኔና ሐምሌ፣ ሒሳቡ በሚዘጋበት ሳምንት ነው፤ የሚሰበሰበው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ። ዘሩን የገዛው በጀት አጫጁን አይከፍልም ማለት ነው። በአንድ ዓመት ግራንት የመኸር ሙከራ ማቅረብ አይመከርም። የመስኖ ቦታ ካለ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሚደርስ ሰብል መምረጥ ይሻላል። መስኖ ከሌለ ደግሞ የማሳውን ሥራ ትቶ ከገበሬው ጎተራ ናሙና ሰብስቦ መመርመር ያዋጣል፤ የአከማቸት ብክነት ወይም የነቀዝ ጉዳት ጥናት ለዚህ ወቅት የተፈጠረ ያህል ይስማማል።

ለዚህ ገንዘብ በደንብ የሚገጥመው የመጠይቅ ጥናት ነው፤ ችግሩ በጀቱ በግምት መሞላቱ ነው። በሰፊው የሚሠራበትን ቀመር እንውሰድ፦ 95 በመቶ መተማመኛ፣ 50 በመቶ ስርጭት (የሚጠናው ነገር በሕዝቡ ውስጥ ያለው ድርሻ)፣ 5 በመቶ የስሕተት ወሰን ሲያዝ ናሙናው 384 ይወጣል። ለማይመልሱት 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ 40 ደቂቃ የሚወስድ መጠይቅ በቀን ለ10 ሰው ቢሞላ፣ አራት ሰብሳቢዎች 423ቱን ለመጨረስ 11 ቀን ይፈጅባቸዋል። ሥልጠናው እዚያው አካባቢ ከተሰጠ 2 ቀን፣ ለቅድመ ሙከራ 1 ቀን ይጨመራል፤ ቅድመ ሙከራው ከናሙናው 5 በመቶ፣ 22 ሰው ያህል፣ ከጥናቱ ቀበሌ ውጭ ይሠራል። አራቱ ሰብሳቢዎች፣ አንድ ሱፐርቫይዘርና አንድ ሹፌር ለ14 ቀን ሲወጡ የ84 ቀን ውሎ አበል ነው፤ ዋና ተመራማሪው ገና አልተቆጠረም። ይህ በበጀት ሠንጠረዡ ላይ ሰው በቀን በአበል ተባዝቶ በግልጽ መቀመጥ አለበት። «የመስክ ወጪ» ተብሎ በድምር የተጻፈ ቁጥር የገምጋሚ መቁረጫ ነው።

አንድ ወጥመድ ሁልጊዜ ይደጋገማል። ናሙናው በደረጃ የሚወሰድ ከሆነ፣ ማለትም መጀመሪያ ቀበሌ ከዚያ ቤት የሚመረጥ ከሆነ፣ ገምጋሚው ዲዛይን ኢፌክት፣ ማለትም በደረጃ መምረጥ የሚያመጣውን የትክክለኛነት መቀነስ የሚያካክስ ማባዣ፣ ይጨመር ይላል። ትክክል ነው። በ2 ሲባዛ ግን 423ቱ 846 ይሆናል፤ የገንዘቡ ጣሪያ ደግሞ እንደነበረ ነው። ብዙዎች ቁጥሩን አሻሽለው በጀቱን ሳይነኩ ይፈርማሉ፤ ሚያዝያ ላይ 500 ቤት ሲሞላ ገንዘቡ ያልቃል፤ ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ስላልተሟላ ሪፖርቱ አይዘጋም። ማሻሻያው ሲመጣ ሳይፈሩ ቀበሌዎቹን መቀነስ፣ መጠይቁን ማሳጠር ወይም ጥናቱን የፓይለት ጥናት ብሎ በዚያ ልክ ናሙናውን ማስረዳት ይገባል። የመነሻ ገንዘብ ዓላማውም ይኸው ነውና ጥሩ ገምጋሚ ይቀበለዋል።

የላቦራቶሪ ሥራ ሌላ ታሪክ ነው። ሪኤጀንት፣ ማለትም የምርመራ ኬሚካል፣ ከውጭ ይመጣል፣ በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የግራንቱ ጣሪያ ያልተሻሻለበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያው ብር አሁን ግማሽ ሣጥን ኪት አይገዛም። የዓምና ፕሮፎርማ ይዞ በጀት መሥራት ስለዚህ አያዋጣም። የዘንድሮ ይጠየቅ፣ የሚጸናበት ቀንም ይታይ።

ከዋጋው በላይ የሚያዘገየው ስፔሲፊኬሽኑ፣ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ፣ ነው። የመንግሥት ግዥ የአንድን ፋብሪካ ስም ለይቶ መጥቀስ አይፈቅድም፤ ከተጠቀሰም «ወይም ተመጣጣኝ» መባል አለበት። ዲኤንኤ ለሚያባዛው ኢንዛይም «ታቅ ፖሊመሬዝ፣ 1 ፍሬ» ተብሎ የተላከ ጥያቄ በዝቅተኛ ዋጋ የማይሆን ዕቃ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ ታቅ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ 5 ዩኒት በማይክሮሊትር፣ 500 ዩኒት፣ ከ10 ኤክስ በፈርና ከ25 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ ጋር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ የሚቀመጥ፣ በቀዝቃዛ ሰንሰለት ተጓጉዞ የሚደርስ፣ ሲደርስ ቢያንስ 12 ወር የአገልግሎት ዘመን የቀረው፣ ርክክቡ በተጠቃሚው ላቦራቶሪ ውስጥ የሚፈጸም። (500 ዩኒት፣ በአንድ ሪአክሽን 1.25 ዩኒት ከታሰበ፣ ለ400 ሪአክሽን ይበቃል፤ ድጋሚና ቁጥጥር ናሙናዎቹን መቁጠር አይዘንጋ።)

ርክክቡ በላቦራቶሪው ውስጥ ይፈጸም የምትለው የመጨረሻዋ ሐረግ ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል። ዕቃ ወደ ንብረት ክፍል ገብቶ ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሳይቆረጥለት አይወጣም። ንብረት ክፍሉ ፍሪዘር የለውም። ዓርብ ከሰዓት የደረሰ ሣጥን ተረካቢ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እስከ ሰኞ መደርደሪያ ላይ ይቆያል፣ በረዶው ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ ፒሲአሩ (ዲኤንኤውን የማባዛት ሥራው) እምቢ ሲል ጥፋቱ የናሙናው ይሁን የኢንዛይሙ መለየት ያዳግታል። አቅራቢው የሚያደርስበትን ቀን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማድረግና ንብረት ክፍሉን አስቀድሞ ላቦራቶሪ ድረስ መጋበዝ ይህን ያስቀራል።

መኪና ሌላው ማነቆ ነው። ለሁሉም ፕሮጀክት ገንዘቡ በአንድ ሰሞን ስለሚለቀቅ፣ ሁሉም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መኪና ይጠይቃል። ውሉ በተፈረመ ሳምንት ቀን ማስያዝ፣ በጀቱ ላይም ነዳጁን ብቻ ሳይሆን በአማራጭ የኪራይ መኪና መስመር ማስገባት ያስፈልጋል። ከመስክ ሲመለሱ ማወራረድ ይመጣል፦ የጉዞ ፈቃድ፣ የአበል መክፈያ ሰነድ ከነፊርማው፣ የሰብሳቢዎቹ መታወቂያ ቅጂ፣ ደረሰኝ። ደረሰኝ ከሌለው ገበሬ ወተት ወይም እህል ለናሙና የሚገዛ ሰው፣ ፋይናንስ የሚቀበለው የግዥ ሰነድ የቱ እንደሆነ ሳይሄድ ይጠይቅ፤ ተመልሶ መጠየቅ ጊዜው ያለፈበት ነው። ሳይወራረድ የቆየ ቅድመ ክፍያ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ለቀጣዩ ጥሪም ያግዳል።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ውሉን መጠበቅ የለበትም፤ ፕሮፖዛሉ ለገምጋሚ በተላከ ዕለት ለቦርዱም ይግባ። የዕፅዋት ወይም የእንስሳት ዘረመል ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ በዚህ ግራንት ዕቅድ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

በዩኒቨርሲቲዎቹ በኩል ሊስተካከል የሚገባው የመዝጊያ መስፈርቱ ነው። ፕሮጀክቱ ተሳካ የሚባለው አንድ ጽሑፍ ሲታተም ነው፤ በዚያ መረጃ የውጭ ግራንት የተጻፈ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። ውጤቱ፣ መምህሩ ለደረጃ ዕድገት የሚበቃ ቀላል ጥያቄ ይመርጣል፣ አንዳንዱም ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ በሚያትሙ ጆርናሎች እጅ ይወድቃል። መዝጊያው አንድ ለውጭ ግራንት የተላከ ፕሮፖዛልንም ቢቀበል፣ ገንዘቡ ለተመደበለት ዓላማ ይውላል። የበጀት ማሸጋገሩም ጉዳይ ራስ ገዝ ለሚሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች አሁን በእጃቸው ነው፤ አዋጅ 1294/2015 አስተዳደራዊና የፋይናንስ ነፃነት ይሰጣቸዋልና ያልተሠራበትን የምርምር ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚያሻግር ደንብ ማውጣት ከቀዳሚ ሥራቸው ሊሆን ይገባል።

እስከዚያው፣ የመጀመሪያው ክፍያ እስከ ታኅሣሥ በሚለቀቅበት ዩኒቨርሲቲ ያለ መምህር የላቦራቶሪ ሥራም ቢሆን ሳያመነታ ያቅርብ። የካቲት በሚለቀቅበት ቦታ ያለው ግን ጥናቱን ለሁለት ይክፈል፦ ዘንድሮ ናሙና ተሰብስቦ ይቀመጥ፣ ምርመራው በሚቀጥለው ዓመት ጥሪ ይቅረብ፣ የሪኤጀንቱ ስፔሲፊኬሽንም ሐምሌ ላይ ግዥ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይድረስ።